አዳማ የወሰድኩት የስትራክቸር ዲዛይን ስልጠና፣ ማስተርስ ላለው ሰው ይጠቅማል ወይ?

ሰላም፣ ስለዚህ ስልጠና የሚጠይቀኝ ሰው ስለበዛ አንዴ በደንብ ልጻፈውና የፈለገ ያንብበው። የማሰልጠኛውን ስም አልጽፍም ምክንያቱም የምወቅሳቸው ነገር አለ፣ ከልቤ የማመሰግናቸውም ነገር አለ፣ ደግሞ አዳማ ላይ እንዲህ ዓይነት ስልጠና የሚሰጡ ቤቶች እየበዙ ስለሆነ የትኛውም ጋ ብትሄዱ ምን ብላችሁ መጠየቅ እንዳለባችሁ ታውቁበታላችሁ።

ሪቪው የሚጠቅመው የጻፈው ሰው ምን ፈልጎ እንደገባ ሲታወቅ ነውና ከዛ ልጀምር። የመጀመሪያ ዲግሪዬ ሲቪል ነው፣ ከዛ ሁለት ዓመት ስትራክቸር ማስተርስ ተማርኩ፣ ቴሲሴ በብሎኬት የተሞላ የኮንክሪት ፍሬም በፑሽኦቨር (ሞዴሉን ከጎን ቀስ በቀስ እየጨመሩ በመግፋት) ሲገፋ እንዴት እንደሚጎዳ ነበር፣ ዲፌንሱን በጥሩ ውጤት ጨረስኩ፣ ቤተሰብም ደስ ብሎት ደገሰልኝ። ከዛ ሰባት ወር ሙሉ ሥራ ፍለጋ። አዲስ አበባ አንድ ዲዛይን ቢሮ ለኢንተርቪው ጠርተውኝ በሌሊት ተነስቼ በፈጣን መንገዱ ሄድኩ፣ ኢንጂነሩ ሰላም ካለኝ በኋላ ስለ ቴሲሴ ምንም ሳይጠይቀኝ ወረቀትና እርሳስ አቀበለኝና "ሦስት ስፓን ያለው ቢም ነው፣ ፌሮውን ሳይልኝ" አለኝ። ሞመንቱን (አግዳሚውን ቢም የሚያጎብጠውን ጉልበት) ሳልኩ፣ ድጋፉ ላይ ከላይ መሃል ላይ ከታች ብዬ ፌሮውን አሰመርኩ፣ ከዛ "የላዩ ፌሮ የት ጋ ይቆረጣል? ፌሮው የሚመጣው በ12 ሜትር ነው፣ የት ጋ ትቀጥይዋለሽ? ስታፋው የት ጋ ነው የሚጠጋጋው?" (ስታፋ ዋናዎቹን ፌሮዎች ዙሪያውን የሚያስረው ቀጭን ፌሮ ነው) ሲለኝ እጄ እዛው ቆመ። ፕላስቲክ ሂንጅ (ቢም ወይም ኮለም ተጎድቶ እንደ ማጠፊያ የሚዞርበት ቦታ) እንዴት እንደሚፈጠር አንድ ሰዓት ሳልታክት ማስረዳት እችላለሁ እኮ፣ ግን ፌራዮ (ፌሮ ሠራተኛ) አንብቦ የሚቆርጠውና የሚያጥፈው ድሮዊንግ በሕይወቴ አንድም አውጥቼ አላውቅም ነበር። ሰውየው ደግ ነበር፣ "ትምህርትሽ ጥሩ ነው፣ የሆነ ቦታ ትንሽ ሥሪና ተመለሽ" ብሎ ሸኘኝ። የሆነ ቦታ ለመሥራት ደግሞ ሁሉም ልምድ ነው የሚጠይቀው። በዚህ መሃል ነው የስልጠናውን ማስታወቂያ ያየሁት።

ስልጠናው 10 ሳምንት ነው፣ ቅዳሜና እሁድ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ሰባት ሰዓት፣ ፖስታ ቤት አካባቢ አንድ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ። 12 ሺህ ብር ከፈልኩ፣ ሥራ ለሌለው ሰው ቀላል ብር አይደለም፣ ታላቅ እህቴ ናት የሰጠችኝ። 14 ሰው ነበርን፣ ማስተርስ የያዝነው ሦስት፣ ሌሎቹ በቅርብ የተመረቁና ሳይት ላይ የሚሠሩ ልጆች ናቸው። ማስታወቂያው ላይ ሦስት ነገር ተጽፏል፣ ኢታብስና ሴፍ (የሕንፃና የፋውንዴሽን ዲዛይን ሶፍትዌሮች) ከዜሮ፣ የአንድ ሕንፃ ሙሉ ዲዛይን እስከ ድሮዊንግ፣ እና ሥራ ማገናኘት።

የመጀመሪያዎቹን አራት ሳምንታት በግልጽ ልንገራችሁ፣ ለእኔ ብክነት ነበሩ። ኢታብስ የሚያስተምረው ልጅ ሶፍትዌሩ ላይ እጁ በጣም ፈጣን ነው፣ ፕሮጀክተር ላይ ግሪድ ያወጣል፣ ኮለም (ምሰሶ) ይተክላል፣ "እዚህ ጋ ክሊክ፣ ከዛ ኦኬ፣ ከዛ ራን" ይላል፣ እኛ እየተከተልን ክሊክ እናደርጋለን፣ ማታ ቤት ሄደን ብቻችንን ስንሞክረው አይሆንም። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ጄኔሬተር የላቸውም፣ ከሁለት ጊዜ በላይ የላፕቶፓችን ባትሪ እስኪያልቅ ሠርተን በዛ በአዳማ ሙቀት ተቀምጠን ጠብቀን ወደ ቤት ሄደናል፣ ያ ሰዓትም አልተካካሰልንም። ይሄን ቢሮአቸው ሄጄ ነግሬያቸዋለሁ፣ "እናያለን" ነው ያሉኝ።

ከዚህ ሁሉ ያናደደኝ ግን ሌላ ነው። ኢታብስ ውስጥ የኛ አገር ኮድ (የዲዛይን ደንብ) በስሙ ተዘጋጅቶ አልተቀመጠም፣ ሰው ሁሉ የአውሮፓውን ዩሮኮድ መርጦ ነው የሚሠራው ምክንያቱም ኢኤስ ኢኤን የሚባለው እ.ኤ.አ. የ2015ቱ የኛ ኮድ ከዛ ነው የመጣው። እሺ፣ ግን ዩሮኮዱን ስትመርጡ ሶፍትዌሩ ይዞት የሚመጣው ቁጥር ሁሉ የኛ አይደለም። ለምሳሌ የኮንክሪት ዲዛይን ጥንካሬ ስናሰላ የምናባዛበት አልፋ ሲሲ የሚባል ቁጥር አለ፣ ሶፍትዌሩ 1 ብሎ ያስቀምጠዋል፣ እኛ ጋ ግን የምንጠቀመው 0.85 ነው። ሲ 25 ኮንክሪት ብትወስዱ፣ ሲሊንደሩ 20 ሜጋፓስካል ስለሆነ፣ በሶፍትዌሩ ቁጥር 13.33 ይወጣል፣ በኛ 11.33። ኮንክሪቱ ሳይት ላይ ያው ኮንክሪት ነው፣ ወረቀት ላይ ግን ጠንከር ብሎ ይታያል ማለት ነው። እጄን አውጥቼ ስጠይቅ "ዲፎልቱን አትንኩት" ተባልኩ። ሰው የሚኖርበት ሕንፃ ነው እኮ የምንማረው! ዲፎልት አትንኩ ብሎ መልስ አለ እንዴ? ኮለምና ቢም በመሬት መንቀጥቀጥ ጊዜ ስለሚሰነጠቅ ስቲፍነሱ (አልታጠፍ ባይነቱ) በግማሽ ተቀንሶ እንደሚሰላም እዛ ክፍል ውስጥ ማንም አላነሳም፣ ማስተርስ የተማርነው ሦስታችን ነን በእረፍት ሰዓት ለሌሎቹ ያስረዳናቸው። የተሰጠን ማስታወሻም ግማሹ ከድሮው ኮድ፣ እ.ኤ.አ. ከ1995ቱ ኢቢሲኤስ ላይ የተወሰደ ምሳሌ ነው፣ የትኛው ከየትኛው እንደሆነ እንኳን አልተጻፈበትም።

አምስተኛው ሳምንት ላይ ግን ሌላ ሰው ገባ፣ ስልጠናው የሚባለው ለኔ እዚህ ነው የጀመረው።

በዕድሜ ገፋ ያሉ ኢንጂነር ናቸው፣ ከሃያ ዓመት በላይ ዲዛይን ሲሠሩና ሳይት ሲቆጣጠሩ የኖሩ፣ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ገብተው የመጀመሪያ ያሉት "ላፕቶፓችሁን ዝጉ" ነው። ነጭ ሰሌዳው ላይ አንድ ጂ ፕላስ 4 (ከምድር ቤቱ በላይ አራት ፎቅ ያለው) ሕንፃ ሳሉ፣ ታች ሱቅ ላይ መኖሪያ፣ አዳማ መንገድ ዳር የምናየው ዓይነት፣ ከዛ አንድ የመሃል ኮለም መረጡና "ይቺ ኮለም ስንት ትሸከማለች?" አሉ። 5 በ5 ሜትር ትይዛለች፣ 25 ካሬ። ሶሌታው 15 ሴንቲ ነው፣ በኮንክሪቱ ክብደት፣ በኪዩብ 25 ኪሎ ኒውተን ሲባዛ በካሬ 3.75 ኪሎ ኒውተን፣ ንጣፍና ልስን ይጨመር፣ የብሎኬት ግድግዳ ይጨመር፣ ቢምና ኮለሙ ራሱ ይጨመር፣ ሰውና ዕቃው ይጨመር፣ በድምሩ ካሬው 12 አካባቢ ይመጣል፣ ጣሪያውን ጨምሮ አምስት ሶሌታ አለ፣ 25 ሲባዛ 12 ሲባዛ 5፣ 1500 ኪሎ ኒውተን። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። "አሁን ክፈቱና ኢታብሳችሁ ምን እንደሚል እዩ።" አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ ሞዴሏ 1100 አካባቢ አወጣ፣ ሦስት ሳምንት የደከመችበት ሞዴል ነው፣ ስንፈልግ ንጣፉንና የግድግዳውን ጭነት ጭራሽ አላስገባችውም። ሶፍትዌሩ ምንም አላላትም፣ ሁሉም አረንጓዴ ነው፣ ሁሉም ኦኬ ነው። ጋሼ አልተቆጧትም፣ "ይሄን ሳታዪ ፉቲንግ (ከኮለሙ ሥር ያለውን መሠረት) ብትሠሪለት ኖሮ መሬቱ ነበር የሚነግርሽ" ብቻ አሏት። ከዛን ቀን ጀምሮ በእጅ ሳላሰላ ሞዴል ከፍቼ አላውቅም፣ አሁን ሥራ ላይም እንደዛው ነኝ።

ማስተርሴን ከሥራው ጋር ያገናኙልኝም እሳቸው ናቸው። ታኅሣሥ 2017 ላይ በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ መሬት በተደጋጋሚ ሲንቀጠቀጥ እዚህ አዳማም ይሰማን ነበር፣ የዛን ሰሞን ሌሊት ከአልጋ ተነስቶ ውጪ የወጣ ያውቀዋል፣ እናቴ ልብሷን እንኳን ሳትደርብ ነበር የወጣችው። አንድ ቅዳሜ ጋሼ ክፍሉን ትተው ወደ ጎዳና ይዘውን ወረዱና ሕንፃ እያሳዩ ያስተምሩን ጀመር። "ታችኛውን ፎቅ እዩት" ይላሉ፣ ሱቅ ስለሆነ ቁመቱ ረጅም ነው፣ ፊቱ በሙሉ መስታወት ነው፣ ግድግዳ የለውም፣ ከላይ ያሉት ፎቆች ደግሞ አጠር ያሉና በብሎኬት ጥቅጥቅ ያሉ ናቸው። "ሲናወጥ ላዩ እንደ አንድ ሳጥን አብሮ ነው የሚሄደው፣ የሚታጠፈው ታች ያለው ኮለም ነው።" ይሄ እኮ ቴሲሴ ነው! የብሎኬት ግድግዳ ስቲፍነስ ላይ ሁለት ዓመት ሙሉ ፎርሙላ ስጽፍ ስደመስስ ኖሬ በየቀኑ በባጃጅ የማልፈው መንገድ ላይ ቆሞ አይቼው አላውቅም ነበር። ጋሼ ቴሲሴ በዚህ ላይ እንደሆነ ሲሰሙ በሚቀጥለው ሳምንት ሃያ ደቂቃ ሰጥተው ለሌሎቹ እንዳስረዳ አደረጉኝ፣ ከዛ የድሮው ኮድ መነሻ ያደረገው በአማካይ በ100 ዓመት አንዴ የሚመለሰውን መንቀጥቀጥ እንደነበረ፣ አዲሱ በ475 ዓመት አንዴ የሚመለሰውን እንደሚወስድ፣ ስምጥ ሸለቆ ላይ ለተቀመጠ እንደ አዳማና ሐዋሳ ላለ ከተማ ይሄ ምን ያህል ጉልበት እንደሚጨምር እሳቸው ቀጠሉበት። ኮለሙ ከቢሙ እንዲጠነክር ለምን እንደሚፈለግ፣ መጋጠሚያው ላይ የኮለሞቹ አቅም ድምር የቢሞቹን ድምር ቢያንስ 1.3 እጥፍ መሆን እንዳለበት፣ ይሄን ማስተርስ ላይ ለፈተና ሸምድጄዋለሁ፣ እዛ መንገድ ዳር ቆሜ ግን ገባኝ ነው የምለው።

ስምንተኛው ሳምንት እሁድ ሳይት ሄድን። ለዚህች አንዲት ቀን ብቻ 12 ሺውን ድጋሚ ክፈይ ብባል እከፍላለሁ። ሁለተኛ ፎቅ ላይ የደረሰ ሕንፃ ነው፣ ኮለሞቹ ፌሮአቸው ታስሮ አርማታ ሙሌት ይጠብቃሉ፣ ፖንቴውን ወጥተን ፌራዮው ጋ ደረስን። ትልቅ ሰው ናቸው፣ እጃቸው በዝገት ቀይ ሆኗል። ድሮዊንጉ ላይ ኮለሙ 30 በ40 ነው፣ 12 ባለ 20 ሚሊ ፌሮ አለው፣ በ30ው ፊት በኩል አራት አራት ይሰለፋሉ። ወረቀት ላይ ያምራል፣ ሂሳቡም ትክክል ነው፣ ፌሮው ከኮለሙ ስፋት የሚይዘው መቶኛ ከ4 በታች ነው። ግን ፌሮው ከታች የመጣው ከላይ ከሚቀጥለው ጋር በሚደረብበት ቦታ አራቱ ስምንት ይሆናል። ሰውየው "ነይ እስኪ የኔ ልጅ፣ ጣትሽን አስገቢ" አሉኝ። አስገባሁ፣ አልገባም። ሽፋኑና ስታፋው ሲቀነስ ለስምንት ፌሮ የሚቀረው 23 ሴንቲ አካባቢ ነው፣ ፌሮው ራሱ 16ቱን ይወስዳል፣ በየመሃሉ የሚቀረው 1 ሴንቲ ሜትር ነው። ጠጠሩ ደግሞ እስከ 2 ሴንቲ የሚደርስ ነው። "ይሄ ጠጠር በየት በኩል ነው የሚገባው? ውሃውና ሲሚንቶው ብቻ ያልፋል፣ ጠጠሩ እዚህ ላይ ይቀመጣል፣ ፎርሙ ሲፈታ ኮለሙ ወንፊት ሆኖ ታገኚዋለሽ" አሉኝ፣ ከዛ ወደ ሁላችንም ዞር ብለው "ይሄን የሚስል ሰው ፌሮ በእጁ ይዞ ያውቃል?" ሲሉ አንዳችንም መልስ አልነበረንም። ጋሼ መፍትሔውን እዛው አብረን እንድንፈልግ ነው ያደረጉት፣ ኮለሙን ማስፋት፣ መደራረቢያውን ግማሹን አንድ ፎቅ ላይ ግማሹን ሌላ ፎቅ ላይ ማድረግ፣ ደግሞ ከወለሉ ልክ ላይ ከሚጀምር ወደ ኮለሙ መሃል ማውጣት፣ ምክንያቱም በመንቀጥቀጥ ጊዜ የሚጎዳው የኮለሙ ጫፍና ጫፍ ስለሆነ እዛ ጋ ባይደረብ ይሻላል። ያንን ድሮዊንግ የሠራው ሰው ስህተት የሠራ አልመሰለኝም፣ ሶፍትዌሩ የሰጠውን በታማኝነት ገልብጦ ነው፣ እኔም ብሆን ያኔ እንደዛው ነበር የማደርገው።

የመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት ድሮዊንግና የፌሮ ዝርዝር ነበር። የፌሮውን ክብደት ለማግኘት ዲያሜትሩን በሚሊ በራሱ አባዝቶ ለ162 ማካፈል፣ ባለ 16ቱ ሜትሩ 1.58 ኪሎ፣ ባለ 12ቱ 0.89፣ ከ12 ሜትሩ ስንት ቁራጭ ይወጣል ስንቱ ይጣላል፣ ይሄን ሁሉ ለዛው ለጂ ፕላስ 4 ሕንፃ ከፉቲንጉ እስከ ደረጃው በእጃችን ሠራን። ጊዜው አልበቃም፣ ፋውንዴሽኑ ላይ በጣም ተቻኮልን፣ ሴፍን አንድ ቀን ብቻ ነው ያየነው፣ ስለ አፈር ሪፖርት አነባበብ ደግሞ ምንም አልተማርንም። ያ የባከነው አራት ሳምንት እዚህ ቢውል ኖሮ እያልኩ አሁንም ይቆጨኛል።

ሥራ ማገናኘት የሚሉት ነገር የቴሌግራም ግሩፕ ነው። ሌላ ቦታ የወጣ ማስታወቂያ እዛ ይለጠፋል፣ በቃ። ይሄን ማስታወቂያ ላይ ሥራ እናገናኛለን ብሎ መጻፍ ልክ አይደለም፣ ከኛ ውስጥ በዚህ ቃል ብቻ ተበድሮ የከፈለ ልጅ ነበር። ሰርተፍኬቱም ያምራል ግን የሙያ ፈቃድ አይደለም፣ ከግራጁዌት ወደ ፕራክቲሲንግ፣ ከዛ ወደ ፕሮፌሽናል የምትወጡበት ደረጃ የራሱ መንገድ አለው፣ እዛ ላይ የሚያስፈልጋችሁ እውነተኛ የሥራ ልምድ ነው። ስትመዘገቡ ይሄን የሚያምታታ ሰው ካጋጠማችሁ በደንብ ጠይቁት።

ሥራውን ያገኘሁት ስልጠናው ባለቀ በሁለተኛው ወር እዚሁ አዳማ አንድ ዲዛይን ቢሮ ነው። ይዤ የሄድኩት ያንን ጂ ፕላስ 4 ነው፣ በእጅ ያሰላሁት ከፊት፣ የኢታብሱ ውጤት ከኋላ፣ ሁለቱ የት ጋ እንደሚለያዩና ለምን እንደሆነ በአንድ ገጽ ጽፌ፣ ከዛ ድሮዊንጎቹ በኤ 3 ታትመው። ኢንተርቪው ያደረገችኝ ኢንጂነር ሰርተፍኬቱን አላየችውም፣ የኮለሙን ገጽ ገልጣ "መደራረቢያውን ለምን መሃል ላይ አደረግሽው?" አለችኝ። ሳይት ላይ ጣቴ ያልገባበትን ታሪክ ነገርኳት፣ ከዛ ወደ ቴሲሴ ገባን፣ አርባ ደቂቃ አወራን። በመጀመሪያው ወር የሰጡኝ ደረጃና ሊንተል ነው፣ አሁን ሙሉ ሕንፃ ከአንድ ሲኒየር ጋር እየሠራሁ ነው። ማስተርሱ አልጠቀመም የሚል ሰው ካለ አልስማማም፣ ሞዱ (ሕንፃው ሲወዛወዝ የሚይዘው ቅርጽ) ላይ ሕንፃው ሲጠማዘዝ አይቼ ሊፍት ኮሩ (የሊፍቱ ኮንክሪት ግድግዳ) አንድ ጥግ ላይ ስለሆነ ነው ማለት የቻልኩት ዳይናሚክስ (የንዝረት ትምህርት) ስለተማርኩ ነው፣ ቢሮ ውስጥም ለዛ ነው የሚጠሩኝ። የጎደለኝ የነበረው ከዛ ቀጥሎ ያለው ነው፣ ያንን ጋሼና ፌራዮው ሰጥተውኛል።

ስለዚህ ነጥብ ስጡ ከተባለ፣ ለሶፍትዌሩ ክፍል ከ10 ሦስት፣ ለጋሼ ክፍል ከ10 ዘጠኝ ተኩል፣ ያቺ ግማሽ የቀረችው ፋውንዴሽኑ ላይ ጊዜ ስላለቀብን ነው። ሳይት ላይ አንድ ሁለት ዓመት ሠርቶ ዲዛይን መግባት ለሚፈልግ ሰው ሙሉው ይጠቅመዋል፣ የሶፍትዌሩን ክፍል ግን ቤቱ ሄዶ ደጋግሞ ካልሠራው በስተቀር ክፍል ውስጥ ብቻ አይገባውም። ማስተርስ ይዛችሁ ኢታብስ የምታውቁ ከሆነ ከአምስተኛው ሳምንት ብቻ መግባት ይቻል እንደሆነ ጠይቁ፣ ከኛ ቀጥሎ በነበረው ዙር ሁለት ልጆች በ7 ሺህ ብር እንደዛ ገብተዋል፣ ሳትጠይቁ ግን አይነግሯችሁም። ከመክፈላችሁ በፊት ጋሼ በዚህ ዙር ያስተምራሉ ወይ ብላችሁ አረጋግጡ፣ በክረምቱ ዙር ሳይት ስለበዛባቸው አላስተማሩም ነበር። ክፍያውንም ለሁለት ከፍሎ መክፈል ይቻላል። ባትሪው የሚቆይ ላፕቶፕና ካልኩሌተር ይዛችሁ ሂዱ፣ ለሳይቱ ቀን ደግሞ ሸራ ጫማ አይሆንም፣ ሚስማር አለ።